ከመወልወላችሁ በፊት ዓመቱን አንብቡ፦ የድሮ የእንግሊዝ የብር ሳንቲም አለያየትና ዋጋ አወጣጥ

አባቴ አንጥረኛ ነበሩ። ፒያሳ፣ ከሱቃቸው ጓዳ፣ ወናፉ አጠገብ ተቀምጬ ጠገራ ብር እንደ ቅቤ ሲቀልጥ እያየሁ ነው ያደግሁት። ከአንዱ ጠገራ የአንገት መስቀል ይወጣል፣ ከሌላው ጉትቻ። ለእሳቸው ብር ማለት ክብደትና ጥራት ነው፤ ጠገራው ላይ ያለችው ሴትዮ ማን እንደሆነች ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። የጠቆረ ብር ለደንበኛ ማቅረብ ደግሞ ነውር ነበር። በሎሚና በአመድ ታሽቶ እንደ መስታወት ካላበራ ከጓዳ አይወጣም።

ለንደን የመጣሁት ይህንኑ ዓይንና ይህንኑ እጅ ይዤ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ፖርቶቤሎ ገበያ አንድ ጠረጴዛ ይዤ የብር ዕቃና የድሮ ሳንቲም እሸጣለሁ። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት ከአንድ የተደባለቀ ሣጥን ውስጥ የ1853 ፍሎሪን፣ የድሮ የሁለት ሽልንግ ሳንቲም፣ ገዛሁ። የንግሥት ቪክቶሪያ ነው፤ ዘውድ ደፍታ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ዙሪያው ላይ ያለው ጽሑፍ እንደ ጥንት የብራና ፊደል ተጠምዝዞ የተቀረጸ። ጠርዙ አካባቢ ወደ ሰማያዊና ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥቁረት ነበረው። ማታ ቤቴ ገብቼ በሎሚና በሶዳ አሸሁት፤ አበራ፤ ደስ አለኝ። በሳምንቱ ለአንድ የቆየ ሳንቲም ነጋዴ አሳየሁት። መብራት ሥር አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አዘንብሎ አየውና «ማን ወለወለው?» አለኝ። የነገረኝ ዋጋ ከብርነቱ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ሳይነካ ቢመጣልህስ ኖሮ ብዬ ጠየቅሁት። «አምስት እጥፍ» አለ፣ ሳንቲሙን እየመለሰልኝ።

ያ ፍሎሪን አሁንም ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። የጠቆረ ሳንቲም ይዞ የሚመጣና «አጽድቼ ላምጣው?» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ አውጥቼ አሳየዋለሁ። ሳንቲም ሲመታ ብረቱ ከመሃል ወደ ዳር ይፈሳል። የዚያ ፍሰት ፈለግ ላዩ ላይ ስለሚቀር፣ ያልተነካ ሳንቲም መብራት ሥር ስታዞሩት ነጸብራቁ እንደ መንኮራኩር አብሮ ይዞራል። ጨርቅ፣ ሶዳ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሎሚ፣ የትኛውም ይሁን፣ ያንን ፈለግ ፍቆ በቦታው ጸጉር የሚያህሉ ጭረቶች ይተዋል። የጠፋው ተመልሶ አይመጣም። ጥቁረቱ ግን ቆሻሻ አይደለም፤ አየር ውስጥ ያለው ድኝ ከብሩ ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው ስስ ልባስ ነው። የሚገዛው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወደው እሱኑ ነው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከማንበባችሁ በፊት ጨርቁን አስቀምጡት።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በገና ሰሞን በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት ደወሉልኝ። ለብዙ ዓመት አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ሲያስታምሙ ቆይተው፣ ሴትዮዋ ሲያርፉ ልጆቻቸው ለመታሰቢያ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሰጥተዋቸዋል። ውስጡ ሙሉ ሳንቲም ነው። «አንተ ልጅ፣ የብር ነገር ታውቅ የለ፤ ና እስቲ እየው፣ ቡና አፈላለሁ» አሉኝ። ያን ከሰዓት ጠረጴዛቸው ላይ ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ እናንተም እንደዚያው ማድረግ ትችላላችሁ።

የያዝኩት ዕቃ ትንሽ ነው፦ እስከ መቶኛ ግራም የሚያነብ የኪስ ሚዛን፣ ስፋት የሚለካ ካሊፐር፣ አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ እርሳስና ትንንሽ የወረቀት ፖስታዎች። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፍ ነው፤ ሳንቲም ከእጅ ቢያመልጥ ጠርዙ እንዳይጎዳ። ሳንቲም ሁልጊዜ በጠርዙ ይያዛል። የጣት ወዝ ጊዜ ሲሰጡት የጣት አሻራ ሆኖ ብሩ ላይ ይቀራል።

መጀመሪያ ዓመቱ። ሳንቲሙ ላይ ያለው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም እንደዚያው። ሁለት ቁጥር ብቻ በቃላችሁ ያዙ፦ 1920 እና 1947። እስከ 1919 የተመታው የእንግሊዝ ብር ስተርሊንግ ነው፤ ከሺህ 925 እጁ ንጹሕ ብር። ከ1920 እስከ 1946 ያለው ግማሹ ብቻ ብር ነው። ከ1947 ወዲህ በየሰው ኪስ ይዞር የነበረው ግን መዳብና ኒኬል ነው፤ አንዲት ቅንጣት ብር የለበትም። የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የብር ዋጋ ተሰቅሎ፣ ሳንቲሙ ውስጥ ያለው ብር ሳንቲሙ ላይ ከተጻፈው ገንዘብ ስለበለጠ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ከአሜሪካ የተበደረችውን ብር መመለስ ስለነበረባት ነው፤ ከሕዝቡ እጅ የብር ሳንቲሙን ሰብስባ በኒኬል ተካችው።

እትዬን «በዓመቱ ሦስት ክምር እንሥራ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉና እየለዩ ይሰጡኝ ጀመር። ከመቶ ሠላሳ ገደማ ሳንቲም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ 1947 እና ከዚያ ወዲህ ክምር ሄደ። ፊታቸው ሲጠይም አየሁ። «ግን እኮ ማግኔት አላነሳውም፤ ልጄ ሞክሮታል» አሉ። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። መዳብና ኒኬል የተቀላቀለበት ሳንቲምም እንደ ብሩ ሁሉ ማግኔት አያነሳውም። ማግኔት የሚያጋልጠው ብረት ያለበትን አስመስሎ የተሠራ ነገር ብቻ ነው። የ1946 ሽልንግና የ1947 ሽልንግ መልካቸው አንድ ነው፣ ክብደታቸውም አንድ ነው፣ ሁለቱንም ማግኔት ይተዋቸዋል። የሚለያቸው ዓመቱ ነው።

በዚያው የመጨረሻ ክምር ውስጥ ትልልቅ ሆነው ልብ የሚያማልሉ ሳንቲሞች ይኖራሉ። የዊንስተን ቸርችል ፊት ያለበት የ1965 ክራውን፣ ትልቁ የአምስት ሽልንግ ሳንቲም፣ በየቤቱ አለ፤ ከ19 ሚሊዮን በላይ ነው የተመታው፣ ብርም አይደለም። የ1951 እና የ1953ቱ ክራውኖችም ብር አይደሉም። የ1977ቱ ደግሞ የንግሥት ኤልሳቤጥ ሃያ አምስተኛ ዓመት የንግሥና በዓል መታሰቢያ ሲሆን እንግሊዞቹ በዓሉን «የብር ኢዮቤልዩ» ስለሚሉት ሰው ሳንቲሙም ብር ይመስለዋል። ለሰብሳቢዎች በሣጥን የተሸጡ ጥቂት የብር ቅጂዎች አሉ፤ በቆርቆሮ ውስጥ የሚገኘው ግን መዳብና ኒኬሉ ነው። እትዬ አራት ቸርችል ነበራቸው። ለልጅ ልጆቻቸው አንድ አንድ አደረጓቸው።

ሁለተኛው ሥራ ማንነቱን ማወቅ ነው። ብዙዎቹ የድሮ ሳንቲሞች ዋጋቸው አልተጻፈባቸውም፤ ስለዚህ መለካትና መመዘን ግድ ነው። የድሮው የእንግሊዝ ገንዘብ 12 ፔኒ አንድ ሽልንግ፣ 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ ነበር። ሽልንግ የሚለውን ቃል እኛም እናውቀዋለን፤ አገር ቤት ሃምሳ ሳንቲምን ሽልንግ ስንል ያደግነው ጣልያን ከወጣ በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አገራችን ውስጥ ስለሠራና ሁለቱ ሽልንግ በአንድ ብር ስለተመነዘረ ነው።

ክብደታቸው ይህን ይመስላል፣ ከ1816 ወዲህ ላሉት ሁሉ። ስሪፐንስ፣ ማለትም ሦስት ፔኒ፣ 1.41 ግራም ነው፤ ሲክስፐንስ 2.83፤ ሽልንግ 5.66፤ ፍሎሪን፣ ሁለት ሽልንግ ማለት ነው፣ 11.31፤ ሃፍ ክራውን፣ ሁለት ሽልንግ ከስድስት ፔኒ፣ 14.14፤ ክራውን፣ አምስት ሽልንግ፣ 28.28። ልብ ካላችሁ ክብደቱ ከገንዘቡ ጋር እኩል ነው የሚሄደው፤ ሁለት ሽልንግ ሚዛን ላይ ብታስቀምጡ የአንድ ፍሎሪን ክብደት ይሰጣችኋል። ያለቀ ሳንቲም ጥቂት ይጎድላል፤ ከዚህ በላይ የሚመዝን ግን ፈጽሞ ያጠራጥራል።

እትዬ «ይሄ ትልቁ ክራውን ነው አይደል?» ብለው የ1889 ዓመት ያለበትን ሰጡኝ። ካሊፐሩ 36 ሚሊ ሜትር አነበበ፣ ሚዛኑ 22.5 ግራም። ክራውን 38.6 ሚሊ ሜትር ነው። በእጃቸው የነበረው ድርብ ፍሎሪን ነው፤ ከ1887 እስከ 1890 ብቻ የተመታ የአራት ሽልንግ ሳንቲም። በጊዜው የነበሩ የመጠጥ ቤት አስተናጋጆች አምስት ሽልንግ መስሏቸው መልስ እየሰጡበት ይከስሩ እንደነበር ይነገራል፤ ዋጋው ስላልተጻፈበት ነው። ጀርባውን ማየትም ይበቃል፦ ድርብ ፍሎሪኑ በመስቀል ቅርጽ የተደረደሩ አራት ጋሻዎች አሉት፤ የዚያ ዘመን ክራውን ደግሞ ዘንዶውን የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ አለው። ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲያዩ እትዬ ተሳለሙት፤ ከቆርቆሮው ውስጥ በ1935 የተመታው የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ክራውን ወጥቶ ነበር። ያኛው ፈረሱ የልጆች መጫወቻ የእንጨት ፈረስ ስለሚመስል እንግሊዞች በዚያ ስም ይጠሩታል። ከ700 ሺህ በላይ ስለተመታ ብርቅ አይደለም፤ ግማሽ ብር ነው።

ዓመቱ ተልሶ ባይነበብ ፊት ይረዳችኋል። ልጆች ሆነን ስንጥል እንደምንለው መልኩን ዘውድ፣ ጀርባውን ጎፈር እንበል። ዘውዱ በኩል ያለው ንጉሥ ወዴት እንደሚያይ ተመልከቱ፤ ከአንዱ ንጉሥ ወደ ቀጣዩ አቅጣጫው ይለዋወጣል። ቪክቶሪያ ወደ ግራ ታያለች፣ ልጇ ኤድዋርድ ሰባተኛ ወደ ቀኝ፣ ጆርጅ አምስተኛ ወደ ግራ። ኤድዋርድ ራሰ በራ ባለ ጺም ነው፤ ጆርጅ አምስተኛ ጺም አለው፣ ጸጉሩም ሙሉ ነው። ጆርጅ ስድስተኛ ጺም የለውም፤ እሱም ወደ ግራ ነው የሚያየው፣ ምክንያቱም በመካከል ያለው ኤድዋርድ ስምንተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ከዙፋን ስለወረደ ሕዝቡ እጅ የገባ የብር ሳንቲም አልተመታለትም።

ቪክቶሪያ 63 ዓመት ስለነገሠች በሳንቲም ላይ አብራ አርጅታለች፣ እኔም የምወዳት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ጸጉሯ በሪባን የታሠረ ዘውድ የሌላት ወጣት ናት፤ ይህ እስከ 1887 ይሄዳል። ከ1887 እስከ 1893 ትንሽዬ ዘውድ በሻሽ ላይ ጣል ያደረገች ሴት ናት፤ ከ1893 እስከ 1901 ነጠላ የመሰለ መሸፈኛ የለበሰች አሮጊት። በመካከሉ በፍሎሪን ላይ ከ1851 እስከ 1887 ያቺ ጸጉሯን የተሠራችው አለች፤ እኔ ያበላሸኋት። የእሷ ዓመት በተለመደው ቁጥር አልተጻፈም፣ በሮማ ቁጥር በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ነው። ኤም 1000፣ ዲ 500፣ ሲ 100፣ ኤል 50፣ ኤክስ 10፣ ቪ 5፣ አይ 1 ነው። የእኔዋ ኤም፣ ዲ፣ ሦስት ሲ፣ ኤል፣ ሦስት አይ ነበራት፤ ደምሩት 1853 ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ «ዓመት የለውም» ብሎ በርካሽ ይሸጣታል።

ከ1816 በፊት ያለው ሌላ ዓለም ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። እስከ 1662 ድረስ ሳንቲም በመዶሻ ነበር የሚመታው፤ ስለዚህ ክብ አይሆንም፣ ስስ ነው፣ ጠርዙም ብዙ ጊዜ በመቀስ ተቆርጧል። እንዲህ ያለ ነገር እጃችሁ ከገባ አትመኑት፣ አታጣጥሉትም፣ ለባለሙያ አሳዩት። ከመሬት የተገኘ ከሆነ ደግሞ ሕግ አለው፤ በእንግሊዝና በዌልስ ዕድሜያቸው ከ300 ዓመት በላይ የሆኑ ሁለትና ከዚያ በላይ የብር ሳንቲሞች በአንድ ቦታ የተገኙ እንደሆነ በ14 ቀን ውስጥ ኮሮነር ለሚባለው መርማሪ ሹም ማሳወቅ ግዴታ ነው።

አንዲት ሌላ ትንሽ ነገር ከቆርቆሮው ሥር ወጣች። ከስሪፐንስ ያነሰች፣ ጀርባዋ ላይ ዘውድ የተደፋበት «2» ቁጥር ያለባት። ይህች የጸሎተ ሐሙስ ምጽዋት ናት። የእንግሊዝ ንጉሥ በእነሱ ጸሎተ ሐሙስ ቀን ለአረጋውያን የሚሰጠው የ1፣ 2፣ 3 እና 4 ፔኒ ሳንቲም ነው፤ የሚቀበሉት ወንዶችና ሴቶች ቁጥር በንጉሡ ዕድሜ ልክ ነው። ከ1947 በኋላም ወደ ስተርሊንግ ተመልሶ ለሰብሳቢ ከሚሸጡት ቅጂዎች ሌላ ብር ሆኖ የቀረው ይህ ብቻ ነው። እትዬ ይህንን ሲሰሙ «እግር ያጥባሉ ማለት ነው?» አሉኝ። ድሮ ያጥቡ ነበር፤ አሁን ሳንቲሙ ነው የቀረው። እሷን ፖስታ ውስጥ ለብቻዋ አስቀመጥናት።

ከዚያ እትዬ ተነሥተው ጓዳ ገቡና ከእናታቸው የወረሱትን አንድ ሳንቲም በመሐረብ ጠቅልለው አመጡ። «ይሄም የእንግሊዝ ነው፤ እናቴ የብር ነው ትለኝ ነበር» አሉ። የጆርጅ ስድስተኛ መልክ፣ ጀርባው ላይ ከተራራ ፊት የቆመ አንበሳ። የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ስላለ ለይታችሁ እወቁት፦ 7.8 ግራም ይመዝናል፣ ከእንግሊዙ ሽልንግ ይበልጣል፣ ነገር ግን እስከ 1946 ያለው ከሺህ 250 እጁ ብቻ ነው ብር። ከ1948 ወዲህ ያለው ብር የለውም። እናታቸው አልተሳሳቱም፤ ብር አለበት፣ ጥቂት ነው እንጂ። ጠገራ ብርም እንዲሁ ከክራውን ጋር ይምታታል፤ ያኔ ለንደን የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት ሳንቲም መምቻ፣ ሮያል ሚንት፣ ራሱ ከ1936 ጀምሮ ጠገራ ይመታ ስለነበር ነገሩ የበለጠ ይጠላለፋል። 28.07 ግራም ስለሆነ ሚዛን ላይ ከክራውን ጋር እኩል ይመስላል። ጥራቱ ግን 833 ነው፤ ከክራውኑ ወደ ሦስት ግራም የሚጠጋ ያነሰ ብር አለው። መቼም ይመታ መቼ ላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመት ነው ያለው።

ሦስተኛው ሥራ፣ እጅግ ጊዜ የሚወስደው፣ ሳንቲሙ ምን ያህል አልቋል የሚለው ነው። አንድ ዓመት፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሳንቲሞች ዋጋቸው ሃያ እጥፍ ሊራራቅ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ሰብሳቢዎች ደረጃ አላቸው። «ፋይን» የሚሉት ብዙ የሠራ፣ ዋናው መልክ ግን ሁሉ የሚታይ ነው። «ቬሪ ፋይን» ከፍ ከፍ ያሉት ቦታዎች ብቻ የተላሱበት፤ «ኤክስትሪምሊ ፋይን» በአጉሊ መነጽር ካልሆነ መላሱ የማይታወቅ፤ «አንሰርኩሌትድ» ደግሞ ኪስ ያልገባ። ከፋይን በታች ያለው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ድንጋይ የተላሰው፣ ብርቅ ዓመት ካልሆነ በስተቀር በብርነቱ ብቻ ነው የሚሸጠው።

እንዴት ታያላችሁ? የትኛው ቦታ ቀድሞ እንደሚላስ እወቁ። ሁልጊዜም ከፍ ያለው ነው። በወጣቷ ቪክቶሪያ ላይ ከጆሮዋ በላይ ያለው ጸጉር፣ በአሮጊቷ ላይ የመሸፈኛው እጥፋት፣ በጆርጅ አምስተኛ ላይ ጆሮውና ቅንድቡ። የኤድዋርድ ፍሎሪን ጎፈሩ ላይ ቆማ የምትታየው ሴት፣ ብሪታኒያ፣ ጉልበቷና ደረቷ ቶሎ ይጠፋል። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን አድርጉት፤ ሳንቲሙን በሁለት ጣት በጠርዙ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። የተወለወለ ሳንቲም በአንድ አቅጣጫ የሚሮጡ ጭረቶች ወዲያው ይታዩበታል፤ የፊደሎቹ ሥር ጥቁር ሆኖ ሜዳው ነጭ ከሆነም እጅ ነክቶታል። ጠርዙን ዙሩት፦ አንድ ቦታ ላይ ጥርሱ ተጨፍልቆ ወይም ነጭ ነጥብ ካለ፣ አንድ ጊዜ የአንገት ጌጥ ወይም ብሮሽ ሆኖ ነበር፤ ዋጋው በጣም ይወርዳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ብርቅ ዓመት መጣን። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም፤ ስንት ተመታ የሚለው ይበልጣል። ሃፍ ክራውን ስታዩ 1905ን ፈልጉ፤ የተመታው 166,008 ብቻ ነው። የዚያው ዓመት ሽልንግም 488,390 ነው። ከቪክቶሪያ ሽልንጎች የ1850 እና የ1854፣ ከጆርጅ አምስተኛ ሃፍ ክራውኖች የ1930፣ ከፍሎሪኖች የ1932 የሚፈለጉ ናቸው። የ1934 ክራውን 932 ብቻ ነው የተመታው፤ በቆርቆሮ ውስጥ አታገኙትም፣ ካገኛችሁት መጀመሪያ ውሸት ነው ብላችሁ ጀምሩ።

እትዬ ቡናውን ሲቀዱ እኔ የኤድዋርድን ሃፍ ክራውኖች እያየሁ ነበር። አምስት ናቸው፣ ሁሉም የተላሱ፤ የኤድዋርድ ሳንቲም ቅርጹ ጥልቀት ስለሌለው ቶሎ ያልቃል። ከአንዱ ጎፈር ሥር ያለው የመጨረሻ ቁጥር 3 ይሁን 5 አልለይ አለኝ። መብራቱን ከግራ አመጣሁት፣ ከዚያ ከቀኝ። የላይኛው መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ ይወጣል፤ 5 ነው። ስኒውን አስቀመጥኩ። ብርቅ ዓመት ሲመጣ ቀጣዩ ሥራ መጠርጠር ነው። በመጀመሪያ ቁጥሩን አየሁ፦ ዙሪያው ላይ የተፋቀ ወይም የተበየደ ምልክት አለ? የለም፤ እሱም እንደ ጎረቤቶቹ እኩል ተልሷል። ሜዳው ላይ እንደ ፈላ ወተት ትንንሽ ጉድጓድ አለ? እሱ በቅርጽ የፈሰሰ ውሸት ምልክት ነው፤ የለም። ከዚያ ውኃ ጠየቅኋቸው።

የውኃው ፍተሻ አባቴ የማያውቁት፣ ቢያውቁት ግን የሚወዱት ነው። ሳንቲሙን በደረቁ መዘንኩት፣ 13.20 ግራም። ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩና ወደ ዜሮ መለስኩት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አሥሬ፣ ታችም ጎንም ሳይነካ ውኃው ውስጥ አንጠለጠልኩት። ሚዛኑ 1.28 አነበበ። 13.20ን ለ1.28 ስታካፍሉ 10.31 ይመጣል። ስተርሊንግ ወደ 10.3 ነው፤ ግማሽ ብሩ ወደ 9.6፣ መዳብና ኒኬሉ 8.9 ነው። የሚበላ አሲድ፣ የሚጭር ድንጋይ አያስፈልግም፤ ሳንቲሙን ሳትነኩት ራሱ ይነግራችኋል። ስታወጡት አትሹት፤ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አኑራችሁ በላዩ ጫን አድርጋችሁ ብቻ አድርቁት።

እንግዲህ ዋጋ። ሁለት ዋጋ አለ፣ አትቀላቅሏቸው። አንደኛው የብርነቱ ነው። የተላሱትን ሰብስቡ፣ በዘመናቸው ለዩና በጅምላ መዝኑ። የእትዬ ከ1920 እስከ 1946 ያሉ ዘጠኝ ሃፍ ክራውኖች 124 ግራም መዘኑ። ግማሹ 62 ግራም ንጹሕ ብር ነው። ብር የሚሸጠው በትሮይ አውንስ ሲሆን አንዱ 31.1 ግራም ነው፤ ስለዚህ ሁለት አውንስ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ለሂሳብ እንዲመች አውንሱ 20 ፓውንድ ነው ብንል ወደ 40 ፓውንድ ነው፤ የዕለቱን ዋጋ እናንተ ተኩበት። ከ1920 በፊት ላለው በግማሽ ፈንታ በ0.925 አባዙ። የሚገዛችሁ ሰው ከዚህ ቀንሶ ይከፍላል፤ እሱም መሸጥ አለበትና። ምን ያህል እንደሚቀንስ ግን ከሁለት ቦታ ጠይቁ።

ሁለተኛው የሰብሳቢ ዋጋ ነው። ስፒንክ የሚባለው የለንደን የሳንቲም ጨረታ ቤት በየዓመቱ የሚያወጣው የዋጋ መዝገብ በብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ በውስጡ ያለው ግን ነጋዴ ለሰብሳቢ የሚሸጥበት ነው፣ ለእናንተ የሚከፍለው አይደለም። የተሻለው መንገድ የተሸጠበትን ማየት ነው። ኢቤይ ላይ ሰው የጻፈውን ዋጋ ትታችሁ ሽያጩ ያለቀለትን ብቻ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። አንዱ ለተላሰ ቪክቶሪያ ሽልንግ አንድ ሺህ ፓውንድ ቢጽፍበት ምኞቱ ነው። ትልልቆቹ የለንደን ጨረታ ቤቶችም ያለፈውን ውጤት በድረ ገጻቸው ያስቀምጣሉ። ብሪቲሽ ሙዚየም ሳንቲም በመለየት ይረዳል፣ ዋጋ ግን አይነግርም። ነጋዴ ስትመርጡ የእንግሊዝ የሳንቲም ነጋዴዎች ማኅበር አባል መሆኑን ጠይቁ።

ጠረጴዛ ጋ ይዛችሁ ስትመጡ ሁሉንም በአንድ ላይ አትዘርግፉ። ስለ ብርቁ ለብቻው፣ ስለ ጅምላው ለብቻው ተነጋገሩ። «ሁሉንም በዚህ ልውሰድልህ» የሚል ሰው አንዱን ሳንቲም አይቶበታል ማለት ነው። እኔም ጠረጴዛ ያለኝ ሰው ነኝና ይህን ስናገር አውቄ ነው።

የእትዬን 1905 ጨረታ ላይ አስገባሁላቸው። ያን ያህል ተልሶ እንኳ ከብርነቱ ዋጋ ከአሥር እጥፍ በላይ ወጣለት። የተላሱትን ግማሽ ብሮች ሸጡ፣ ድርብ ፍሎሪኑንና ባለ ጊዮርጊሱን አስቀሩ። ለሚቀመጡት የተለመደውን ለስላሳ ላስቲክ ከለከልኳቸው፤ ፒቪሲ የሚባለው ላስቲክ ከዓመታት በኋላ ብሩ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ይተዋል። በወረቀት ፖስታ አደረግናቸው፣ ስሙን፣ ዓመቱንና ክብደቱን በእርሳስ ጻፍንበት፤ ሳንቲሙ ከመግባቱ በፊት እንጂ ከገባ በኋላ አይጻፍም። የእናታቸውን ሽልንግ ግን ፖስታ አላስነኩትም። «እሱ መሐረቡ ይበቃዋል» ብለው መልሰው ጠቀለሉት።